ወረቀት የገባችበት ክፍተት

ያስተማረችኝ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። ተራ የማተሚያ ወረቀት፤ ውፍረቷ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። የቤዝ ጊታሬን ገልብጬ፣ አንገቱ ከአካሉ ኪስ፣ ግርጌው ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ማለቴ ነው፣ በሚወጣበት ከንፈር ላይ ጫፏን አስጠጋሁና ገፋ አደረግኳት። መግባት አልነበረባትም። ሁለቱ እንጨቶች በአራት ብሎን ተጨምቀዋል፤ በመካከላቸው ወረቀት ቀርቶ ብርሃንም ማለፍ የለበትም። ወረቀቷ ግን ሹልክ ብላ ገባች። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከገባች በኋላ ነው የሆነ ነገር ነክታ የቆመችው።

ለሁለት ወር ከዚህ ቤዝ ጋር ስታገል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የፈለግኩት የተሳሳተ ቦታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤዙን የገዛሁት ያገለገለ ነው። አካሉ ከአንድ ጊታር፣ አንገቱ ከሌላ ጊታር የመጣ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ጊታር ሲያወጣ አንገቱን በኮላ ሳይሆን በብሎን ነው የገጠመው። በብሎን የታሰረ አንገት ለመሥራት ይቀላል፤ ቢጣመም ወይም ቢሰበር ደግሞ ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። ያ ውሳኔ እኔን ለመሰለ ሰው ትልቅ ውለታ ነው። በአንድ ካቻቪቴ ብቻ የጊታሩን ዋና መገጣጠሚያ ከፍቼ ማየት እችላለሁ።

ግን አልከፈትኩትም። ክሩ ሰማይ ላይ ነበር። 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው)፣ በኢ ክር፣ ከአራቱ በወፍራሙ፣ እና በፍሬቱ መካከል አራት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ርቀት። ለእኔ እጅ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ሲሆን ነው የሚመቸኝ። ብሪጁ ላይ፣ ክሮቹ ከአካሉ ጋር በሚታሰሩበት ጫፍ፣ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች፣ ሳድሎቹን ማለቴ ነው፣ ዝቅ አደረግኳቸው። ወለሉን ነኩ። ከዚያ በታች መውረጃ የለም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ትረስ ሮዱን ማዞር ጀመርኩ።

ትረስ ሮድ በአንገቱ ሆድ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። የቤዝ አራት ክሮች ሲቃኙ፣ እንደ ውፍረታቸው፣ በድምሩ ከ70 እስከ 85 ኪሎ በሚሆን ጉልበት አንገቱን ይስባሉ። የአንድ ትልቅ ሰው ክብደት በሉት። ይህ ጉልበት ቀን ከሌት አያርፍም። እንጨት ደግሞ ለማያርፍ ጉልበት ቀስ እያለ ይረታል፤ ወደ ክሮቹ ይጎብጣል። ዘንጉ በተቃራኒው ይገፋዋል። በጊታር አምራቹ ጊብሰን ይሠራ የነበረው ታዴየስ ማክሂው የሚጠብቅና የሚላላ ዘንግ ሠርቶ በ1923 የፈጠራ መብት አግኝቷል። እስከ ዛሬም መሠረታዊ ሐሳቡ ያው ነው።

ዘንጉ የሚያስተካክለው ግን ጉብጠትን ብቻ ነው። የክሩ ከፍታ ሲቀየር የምናየው ጉብጠቱ ስለተቀየረ እንጂ የዘንጉ ሥራ ከፍታ ማስተካከል ሆኖ አይደለም። ይህን አለመለየቴ ነው ያስቸገረኝ። ጉብጠቱን መለካት ቀላል ነው። ክሩን 1ኛው ፍሬት ላይ በካፖ፣ ክር በሚጫን መቆንጠጫ፣ እሰሩት። በሌላ በኩል አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ፍሬት ላይ በጣት ጫን አድርጉት። የተወጠረው ክር አሁን ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነ ማለት ነው። መሀል ላይ፣ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ጋ፣ ከክሩ በታች ጠባብ ክፍተት ይኖራል። ወደ 0.3 ሚሊሜትር ከተጠጋ አንገቱ ደኅና ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ሦስት ተራ ወረቀት ደርቦ ያስገባ። ክሩን ሳያነሱት ነክተውት ካለፉ በቂ ነው።

እኔ ሳልለካ ነው ያዞርኩት። ሩብ ዙር። አሁንም ሩብ ዙር። ክሩ ትንሽ ወረደ፤ ደስ አለኝ። ሌላ ሩብ። 1ኛውና 2ኛው ፍሬት ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፤ 12ኛው ላይ ግን ክሩ አሁንም ሩቅ ነው። አንገቱ ወደ ኋላ መጉበጥ ጀምሯል። የዘንጉ ዳዶ ከበደኝ። አንድ ጊዜ ቁልፉን ስጫን እንጨቱ ውስጥ የጭረት የሚመስል ድምፅ ሰማሁና እጄን ሰበሰብኩ። ዛሬም ያን ድምፅ ሳስታውስ ሆዴ ይረበሻል። ዘንጉ ቢበጠስ ለማውጣት የጣት ሰሌዳው፣ ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት ማለት ነው፣ ከነፍሬቱ መነሳት ነበረበት።

ጊታር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ወሰድኩት። ቤዙን ተቀብለው በቁመቱ አንጋጠው አዩት፤ ከነቱ በኩል፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ ማለት ነው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው።

«አንገቱን ፈትተህ አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ አልፈታሁትም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ስታስተካክል የከረምከው?»

ቁጣ አልነበረበትም። የምር ነው የጠየቁኝ። ወረቀቷን ቀድደው የሰጡኝም እሳቸው ናቸው።

ክሮቹን አላላሁ። ይህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነው። ክር እንደተወጠረ ብሎን የፈታ ሰው አንገቱ ኪሱን ፈልቅቆ ሲነሳ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለም ይዞ ሲሄድ ያያል። ከዚያ ትረስ ሮዱን ወደነበረበት መለስኩት። ከዚያ አራቱን ብሎኖች። አንገቱ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም።

ከፊት በኩል፣ አንገቱ ወደሚወጣበት ጫፍ፣ የታጠፈ ካርቶን ተቀምጧል። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ወረቀቷን ያቆማት እሱ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው አንገቱን ሊያጋድል ፈልጎ ያስገባው ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቦታው ግን ተገላቢጦሽ ሆነበት። በኪሱ ማዕዘን ላይ ቀለም እንደ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል። አንገቱ ግርጌ ላይ ደግሞ በአራቱም የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ እንጨቱ አበጥ ብሏል። ብሎን ሲገባ እንጨቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። በጣት ሲዳሰስ ግን ይታወቃል። አንገቱ ኪሱ ላይ ሳይሆን በእነዚህ አራት ጉብታዎችና በአንድ ካርቶን ላይ ነበር የተቀመጠው።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልግባ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነው። የዚህ ዓይነት ቤዝ ኪስ 76 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ከኪሱ የፊት ከንፈር እስከ ብሪጁ ደግሞ 340 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በኪሱ የኋላ ጫፍ፣ ወደ ብሪጁ በሚቀርበው በኩል፣ ግማሽ ሚሊሜትር ብታስገቡ አንገቱ በፊት ከንፈሩ ላይ ተደግፎ ወደ ኋላ ያጋድላል። ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር ብሪጁ ጋ ስትደርስ ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ትሆናለች። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይወርዳል። ያው ግማሽ ሚሊሜትር በፊት በኩል ከገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ክሩ ይሸሻል፤ ሳድሎቹ ወለል ነክተውም አልደርስ ይላሉ። የእኔ ቤዝ ታሪክ ይኸው ነበር። ክር ሰማይ ላይ የሰቀለው አንድ የታጠፈ ካርቶን ነው።

ካርቶኑን አነሳሁ። የደረቀውን ቀለም በስለታም መሮ ቀስ እያልኩ ፋቅሁ። የቀዳዳዎቹን አፍ በትልቅ የትራፓኖ ምላስ በእጄ ብቻ ሁለት ሁለት ዙር አዞርኩባቸው፤ ጉብታው ተነሳ። ኪሱን በብርጭቆ ወረቀት አልፈተግኩም። ብርጭቆ ወረቀት በጣት ተይዞ ጠርዝ ጠርዙን ይበላል፤ መሀሉን ጉብታ አድርጎ ይተዋል። የግድ ከሆነ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተለጥፎ ነው መሠራት ያለበት።

ከዚያ ብሎኖቹ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ አለ፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ብሎኑ መንከስ ያለበት አንገቱን ብቻ ነው። በአካሉ ውስጥ በነፃ ማለፍ አለበት። በአካሉም በአንገቱም ከነከሰ፣ ሁለቱን እንጨቶች ባሉበት ርቀት ይዟቸው ይቀራል። ብታጠብቁት፣ ብታጠብቁት፣ ክፍተቱ አይዘጋም፤ ጥርሱ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚጓዝ። በአካሉ ውስጥ በነፃ ሲያልፍ ግን የብሎኑ ራስ ከኋላ ያለውን የብረት ሰሌዳ ይጫናል፤ ሰሌዳው አካሉን ይጫናል፤ ጥርሱ አንገቱን ይስባል። መጨመቅ ማለት እንዲህ ነው። ብሎኔ 4.2 ሚሊሜትር ነበር። የአካሉን ቀዳዳዎች በ4.5 ምላስ አሰፋኋቸው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ብሎኑን በአውራ ጣት ስትገፉት ያለ ካቻቪቴ እስከ ራሱ መግባት አለበት።

አንደኛው የአንገት ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቶ ነበር። ብሎኑ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ መክተት የተለመደ መላ ነው፤ ለመኝታ ቤት በር ማጠፊያ ይሆናል። ለዚህ ግን አልወደውም። ክብሪት ለስላሳ እንጨት ነው፤ አንገቱ ደግሞ ሜፕል፣ ከጠንካሮቹ አንዱ። ቀዳዳውን አጽድቼ በሜፕል ድፍን አደረግኩት። እዚህም ላይ አንድ ነገር አለ። ተቆርጦ የሚሸጠው ድቡልቡል ዘንግ የእንጨቱ ጭረት፣ የሥጋው ክሮች ማለቴ ነው፣ በቁመቱ የሚሄድ ነው። ብሎኑ በጭረቶቹ መካከል ሰንጥቆ ስለሚገባ አያያዙ ይደክማል። ጭረቱ እንደ አንገቱ ጭረት አግድም የሚሄድ ውታፍ ከሜፕል ቁራጭ ላይ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። ከአንገቱ ጋር አንድ ሥጋ ይሆናል።

ኮላው አንድ ቀን ደረቀ። በ3.2 ሚሊሜትር ምላስ በሳሁት። ከመብሳቴ በፊት ምላሱ ላይ ፕላስተር ጠቀለልኩ፤ ጥልቀቱ እዚያ ጋ ያበቃል ብሎ እንዲነግረኝ። የአንገቱ ግርጌ 25 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚወፍረው። ብሎኑ የሚገባው 15 ገደማ ነው። ትራፓኖ አንዴ ከጨከነ ከላይ በፍሬቶቹ መካከል ብቅ ይላል። የብሎኖቹን ጥርስ በሰም አሸሁ። ሜፕል ደረቅ ብሎን ሲበላ ይጮሃል፤ አንዳንዴም የብሎኑን ራስ ይበጥሳል።

መጀመሪያ ያለ ምንም ሽብልቅ ገጠምኩት። 12ኛው ፍሬት ላይ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋው በጽዳት ብቻ ወረደ። ለቀሪው ሽብልቅ ያስፈልጋል፤ በዚህኛው ጊዜ በትክክለኛው ጫፍ።

ካርቶን ወይም የስም ካርድ ቁራጭ ማስገባት ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ከፋብሪካ ሳይቀር ቁራጭ ገብቶባቸው የወጡ፣ ለአሥርት ዓመታት ጥሩ ድምፅ የሰጡ ቤዞች አሉ። ግን ቁራጩ ከአንድ ጫፍ ብቻ ሲገባ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል። ብሎኖቹ አንገቱን ወደዚያ ባዶ ቦታ ይስቡታል። እኔ ሰላም የሚሰጠኝ ኪሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ሽብልቅ ነው፤ ከአንድ በኩል ግማሽ ሚሊሜትር፣ ከሌላው በኩል ወደ ዜሮ የሚሳሳ። ከስስ የሜፕል ገበር ሠራሁት። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፌ፣ በእርሳስ መስመር አስምሬ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ እስኪጠፉ ፈተግኩ። ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። አራተኛው ሆነ። በኮላ አላጣበቅኩትም፤ ነገ የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር።

አንገቱን ስመልስ ብሎኖቹን አጥብቄ ሳልጨርስ ከነቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ ሁለት የስፌት ክር ዘረጋሁ፤ አንዱን በኢ፣ አንዱን በጂ፣ በቀጭኑ ክር፣ መንገድ። ሁለቱም ከአንገቱ ጠርዝ እኩል መራቅ አለባቸው። በጂ በኩል ጠርዙ ቀርቧል። አንገቱን በእጄ ገፋ ሳደርገው የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰ፤ ያ በቂ ነበር። ከዚያ ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ በአግድሞሽ እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። ክሮቹ ከተወጠሩ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ብሎን ሩብ ዙር ብቻ ላላ አድርጌ መልሼ አጠበቅኳቸው። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንገቱ ቦታውን ያዘ።

ወረቀቷን ሞከርኩ። አልገባችም።

ሳድሎቹ አሁን መነሳትም መውረድም ይችላሉ። ክሩን ሁለት ተኩል ላይ አቆምኩት። ዘንጉን የነካሁት በመጨረሻ ነው፤ ያውም ለአንድ ስምንተኛ ዙር። ቀጥሎ ኢንቶኔሽን፣ እያንዳንዱ ፍሬት ላይ ቅኝቱ እንዲገጥም የክሩን ርዝመት ማስተካከል ማለት ነው። የዚህ ቤዝ የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊሜትር ነው፤ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት 432። ሳድሎቹ ግን ልክ ሌላ 432 ላይ አይቆሙም። ወፍራም ክር ሲጫኑት ቅኝቱ ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ኢ ሳድል ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። አንገቱ ኪሱ ውስጥ ወደ ኋላ በደንብ ካልተጠጋ ይህ ስሌት ሁሉ ይዛባል። ካርቶን የነበረበት ዘመን 12ኛው ፍሬት ለምን እንደማይቃኝልኝ የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም፤ ሰው ከንቱ እንዳይደክም ልንገር። ጂ ክር ላይ፣ 6ኛው ፍሬት አካባቢ፣ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ሌሎቹ ኖታዎች ሲዘልቁ ያቺ አንዷ ታንቃ ትቀራለች። አንገቱ ደኅና ስላልተገጠመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ። አይደለም። አንገቱ እንደ ማንኛውም ረጅም እንጨት የራሱ የንዝረት ልክ አለው፤ የክሩ ንዝረት ከዚያ ጋር ሲገጥም እንጨቱ ጉልበቱን ይጠጣዋል። በብሎን በተገጠሙ የሜፕል አንገቶች ላይ፣ ጂ ክር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት ባለው ቦታ፣ ይህ የታወቀ ነው። በአንገቱ ራስ ላይ ትንሽ ክብደት ያለው መቆንጠጫ ቢታሰር የሞተው ቦታ ወደ ጎን ይዞራል። እኔ ትቼዋለሁ። ያቺን ኖታ ዲ ክር ላይ እጫወታታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጓደኛዬ የተሰበረ ቤዝ ይዞልኝ መጣ። የእሱ በብሎን አይደለም፤ አንገቱ በኮላ የተገጠመ ነው፣ እንጨቱም ማሆጋኒ። ከማስቀመጫው ላይ በጀርባው ወድቆ የአንገቱ ራስ ከነቱ በታች ተሰንጥቋል። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚሰበሩት። ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ የእንጨቱ ጭረት እዚያ ቦታ ላይ አጥሮ ይቆረጣል። በዚያ ላይ የትረስ ሮዱ ማስተካከያ ጉድጓድ ሥጋውን ወስዶበታል።

«ጣትህን አላስገባህበትም አይደል?» አልኩት።

«አልነካሁትም። ክሮቹን ብቻ ነው ያወለቅኩት።»

ትክክል ነው ያደረገው። ክሮቹ ካልላሉ ስንጥቁን እየሳቡ ያሰፉታል። ትኩስ ስብራት ደግሞ እንደ ተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ለጠርዙ ይታወቃል፤ ካልቆሸሸና ካልተነካካ መልሶ ይጋጠማል። መጀመሪያ ያለ ኮላ በሞርሳ አጥብቀን አየነው። አንዱ ሞርሳ ያንሸራትተው ነበር፤ ከራሱ ማዘንበል ጋር የሚሄድ የእንጨት ትራስ ቆርጠን ከሥሩ አደረግንለት። አራት ጊዜ ያለ ኮላ ሞከርነው። እጃችን እስኪለምደው ድረስ ማለት ነው። ኮላ ከገባ በኋላ ለማሰብ ያለን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከዚያ ቢጫውን የእንጨት ኮላ ከፈትን። ስንጥቁን በቀስታ ከፈት አድርጌ ይዤ፣ እሱ በቀጭን ብሩሽ አስገባ፤ እኔ ከሌላው ወገን በአፌ እየሳብኩ አየር አስወጣሁ፣ ኮላው እስከ ጥልቁ እንዲወርድ። ሞርሳውን ስናጠብቅ ኮላው በስንጥቁ ርዝመት ሁሉ እንደ ላብ ብቅ አለ። ያ ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልወጣም። ፈታነው፤ እዚያ ጋ ጨመርን፤ እንደገና አጠበቅን። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን። ከዚያ እጃችንን አነሳን።

ሃያ አራት ሰዓት በሞርሳ ሥር አደረ። ከተፈታም በኋላ አራት ቀን ክር አላሰርንበትም። ጓደኛዬ በየቀኑ ይደውላል። ገና ነው እለዋለሁ። በአምስተኛው ቀን መጣ። ኢ ክሩን አስረን ግማሽ ድረስ ብቻ ወጠርነው፤ ከዚያ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሁሉንም ግማሽ። ባትሪ አብርተን ስንጥቁን በጎን ብርሃን አየነው። መስመሩ ይታያል፤ ጠባሳ ነው፤ ጥፍር ግን አይዝበትም። ቤዙን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ትተን ወጣን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንመለስ መጀመሪያ ያየነው ቅኝቱን ነው። አልወረደም። ሙሉ ወጠርነው። ጓደኛዬ ቤዙን አነሳ፤ አልተጫወተም፤ አውራ ጣቱን በጠባሳው ላይ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አደረገና ምንም ፍሬት ሳይጫን ኢ ክርን መታ። እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም አልተናገርንም።